ቆማ የምትበላ መኪና

ወንድሜ መኪናዋን የገዛው እኔ ጁባ ከመጣሁ አንድ የትምህርት ዘመን ሳይሞላኝ ነው። እሱ ከካስተም ገበያ ጀርባ አነስተኛ ሆቴል አለው፤ ጥቂት አልጋዎች፣ ምግብ ቤት፣ በግቢው መሐል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። እኔ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም እሱ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከዛፉ ሥር ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ቆማለች። ወንድሜ ኮፈኗ ላይ መዳፉን አሳርፎ፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደሚዳስስ ሰው ቆሟል።

«የማን ናት ጋሼ?»

«የእኔ።»

«ምን ሆና ነው የሸጧት?»

«ምንም አልሆነችም። ከዋጃው አገሩ ሊገባ ቸኩሎ የሚገዛት አጣ።»

ከዋጃ እዚህ ፈረንጅ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። ገዢ ያጣበት ምክንያት ግን ግልጽ ነበር። ጁባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ጀሪካን፣ ጆንያና ዘመድ የሚጭንለትን ይፈልጋል። የዚህች የኋላ ወንበር ቦርሳ እንጂ ሰው አይችልም። ሆዷ ለመሬት ስለሚቀርብ ከአስፋልት የወረደች ዕለት ድንጋይ ይጠብቃታል። ወንድሜ በአሮጌ ፒክአፕ ዋጋ አገኛት። ጁባ በገባ በዚህ ሁሉ ዓመት ከሥራ ልብስ በቀር ለራሱ የገዛውን ነገር አላውቅምና አፌን ያዝኩ።

መኪና መግዛት አንድ ነገር ነው፤ መኪና ማኖር ሌላ ነው። የዚህች ሞተር ቤንዚኑን ከአየር ጋር በኃይል አምቆ የሚያቃጥል ስለሆነ ጥሩ ቤንዚን ይፈልጋል። መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን፣ ላምባ ወይም ውሃ የተቀላቀለበትን ከቀመሰች ታንኳኳለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ትለግማለች። ጎማዋ ሰፊና ስስ ነው፤ ካስተም ውስጥ አይገኝም፤ ከካምፓላ በጭነት መኪና ታዝዞ እስኪመጣ መኪናዋ በክሪክ ላይ ትቆያለች። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ መጀመሪያ ረጅም ይተነፍሳል፤ ዋጋ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

የነዳጁን ነገር ራሴ መለካት ጀመርኩ። ዘዴው ቀላል ነው። ፉል ይሞላና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጥቂት ቀን ተነድታ እንደገና ፉል ትሞላለች። በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር የተበላው ነው፤ የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለእሱ ማካፈል ብቻ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውጤቱ መጥፎ ነበር፤ ግን ምክንያቱ ይታወቃል። ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው በእኩል ፍጥነት ሲሄድ ነው፤ ጁባ ውስጥ ደግሞ በእኩል ፍጥነት የሚሄደው ወንዙ ብቻ ነው። ወንድሜ ከሆቴሉ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከዚያ እስከ ድልድዩ፣ አስፋልት እስካለ ድረስ ይነዳትና ይመልሳት ነበር። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ፊቱ ላይ ሌላ ቀን የማላየውን እረፍት አይ ነበር።

በዚያው ዓመት እናታችን ዐረፈች። አባታችን ደብረ ብርሃን ብቻውን ቀረ። ዕድሜውን ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ሳንባው ታሞ ስለነበር ሐኪሙ የከተማው ብርድ አይስማማውም አለ። ልጆቹ ሁለት ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ያለነው ሞቃት አገር ነው። ነገሩ ግልጽ መሰለን። ብርድ ከጎዳው ሙቀት ያድነዋል ብለን፣ ጋቢውን ደርቦ እንደተቀመጠ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀበልነው።

የመጣው ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ስለነበር መጀመሪያ ደህና ነበር። የካቲት ሲገባ የጁባ ሙቀት መጣ። ከጀበል ኩጁር ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው፤ የክፍሎቻችን ቆርቆሮ ጣሪያ ከቀትር በፊት ይግላል። አባቴ መተኛት አቃተው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አየር እንደሚለምን ሰው አፉን ይከፍት ነበር። ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ በዚህ ትንፋሽ ወደ አገሩ መመለስ አይችልም አለን።

«ዝናብ እስኪመጣ ከሙቀት ጠብቁት» አለ። «እዚያ ካደረሳችሁት ይቀለዋል።»

ከብርድ አሽሽተን እሳት ውስጥ እንደጨመርነው ያን ቀን ገባኝ። ወንድሜም ገብቶታል መሰለኝ።

ከክሊኒኩ ያመጣነው በዚያች መኪና ነበር። እኔ በረክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ከኋላ ተከተልኩ። ግቢ ስደርስ ወንድሜ ከመኪናዋ ወጥቶ በሩን በቀስታ ገፍቶ ዘግቶታል፤ ሞተሯ ግን አልጠፋም። ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ጠቆመኝ። አባቴ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ፣ አየር ማቀዝቀዣው ፊቱ ላይ እየነፈሰ፣ ተኝቷል። ከስንት ቀን በኋላ ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በመስታወቱ ውስጥ ይታያል። እስኪነቃ ድረስ ሁለታችንም ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ የአባቴ ክፍል ሆነች። ጠዋት ፀሐዩ ከረር ሲል ይገባል፤ አመሻሹ ላይ የሆቴሉ ጄኔሬተር ተነሥቶ የመኝታ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። አፍንጫዋን ወደ ዛፉ፣ ጭስ ማውጫዋን ወደ ግቢው በር አዙረን አቆምናት። ይህን ያስገደድኳቸው እኔ ነኝ፤ የሞተር ጭስ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ እንዳለውና በተዘጋ ቦታ ሰው እንደሚገድል ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። አባቴ በትዕግሥት ሰምቶኝ «ተማሪዎችሽ እንዴት ችለውሻል?» አለኝ።

ሰዎች ለምን ጄኔሬተሩን ቀን አታስነሡትም ይሉ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ክፍል ለማቀዝቀዝ ያን ትልቅ ጄኔሬተር ማስነሣት አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመጠጣት ቦቴ እንደመጥራት ነው። ለካሁት። ቆማ በሚኒሞ የምትሠራው መኪና የምትበላው ቤንዚን ጄኔሬተሩ ከሚበላው ናፍጣ በብዙ ያንስ ነበር። ነዳጅ አባካኝ ብለን የምንስቅባት መኪና ጁባ ውስጥ ልናገኘው የምንችለው ርካሹ ቀዝቃዛ ክፍል ሆነች። ርካሽ ማለት ግን ነጻ ማለት አይደለም፤ ሆቴሉ የሚያስገባው ወደ እሷ ይፈስ ጀመር።

አንድ ቀን ጥያቄውን ለክፍል አቀረብኩት። መኪና ነዳጅ ይበላል፤ አንድ ሜትር አይንቀሳቀስም፤ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

«ዜሮ፣ ቲቸር» አለ አንዱ።

ሌላዋ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰውየው ለምን አያጠፋውም?»

ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄዋ ከፊዚክሱ ውጭ ነው ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

እኛ ዘንድ ለወላጅ እውነተኛ ዋጋ አይነገርም። ውጭ ያለ ልጅ ሁሉ የላከውን ጫማ ዋጋ ለእናቱ በግማሽ ይነግራታል፤ ሙሉውን ከሰማች ከሣጥን አታወጣውም። አባቴ በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ይሄ ነገር እንዲህ ሲያጉረመርም ውሎ ነዳጁ አይጎዳችሁም?»

ወንድሜ በግማሽ እንኳ አላቆመም። «ኧረ አባዬ! እዚህ አገር ነዳጅ ከመሬት ነው የሚወጣው። እንደ ውሃ ነው!»

ከመሬት መውጣቱ እውነት ነው። ግን ድፍድፉ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ እኛ የምንቀዳው ቤንዚን በኡጋንዳ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። እንደ ውሃ ነው ያለውም ቢሆን፣ ውሃም ግቢያችን የሚገባው ከቦቴ ተገዝቶ ነው። አባቴ ይህን በምን ያውቃል? ልጁ ነገረው፣ አመነ።

ካመነ በኋላ ቸርነቱ መጣ። ብርዱን ለብቻው መብላት ነውር ሆነበት። በመስኮቱ ሰው እየጠራ ባዶውን የሹፌር ወንበር ይጋብዝ ጀመር። ከኡጋንዳ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ሹፌር አንድ ቀትር ሙሉ ከጎኑ ተቀምጦ አየሁ፤ በምን ቋንቋ እንዳወሩ እስከዛሬ አላውቅም፤ ሲለያዩ ግን ተሳሳሙ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይወጣል፣ ሞተሩ ይበረታል፣ ወንድሜ ከምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያል። አንድም ቀን አልከለከለውም።

ከሁሉ የሚወዳት እንግዳ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። የደቡብ ሱዳን ልጅ ናት፤ ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የምትኖረው ማንጋቴን የሚባል ሰፈር ነው። በምሳ ሰዓቷ አባቴ መስታወቱን ያንኳኳላታል።

«ግቢ፤ እግርሽን አሳርፊ። በሩን ዝጊው እንጂ፣ ብርዱ ይወጣል!»

«አባባ፣ ጋቢ ለብሶ ኤሲ የሚከፍት ሰው ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው።»

«ደብረ ብርሃንን በምን ይዤው የመጣሁ መሰለሽ? ይልቅ ሹፌሬ፣ ዛሬ የት ትወስጂኛለሽ?»

«ማንጋቴን ነዋ!»

«አስፋልት አለው?»

«ጭቃ አለው። ጭቃ ደግሞ ለጎማ ለስላሳ ነው፣ አባባ።»

ሳቁ ወደ ሳል ይለወጥና እሷ ጀርባውን ትደግፈው ነበር። የቤንዚንን ዋጋ ከሁላችን በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ በየቀኑ ለቦዳ ቦዳ፣ ለሞተር ታክሲ፣ ትከፍላለች። ግን የወንድሜን ውሸት ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው።

መጋቢት ውስጥ ቤንዚን ጠፋ። ማደያዎቹ በራቸው ላይ ገመድ ዘረጉ። የትም ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ቤንዚን ማፊ»፣ የለም። ወንድሜ በትውውቅ፣ በልመና፣ በጀሪካን እየገዛ ያመጣል፤ እኔ በነጭ ጨርቅ አጣርቼ፣ በጠርሙስ አስቀምጬ፣ ከታች ውሃ መዝቀጡን አይቼ እሞላለሁ። ጄኔሬተሩ ዘግይቶ ይነሣና ቀድሞ ይጠፋ ጀመር። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለ ሥጋ ተበላሸ። በዚያን ሰሞን ካስተም ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ አንድ ያገራችን ወጣት መኪናዋን በጥሩ ዋጋ እገዛለሁ ብሎ መጣ። ወንድሜ ቁጭ አድርጎ «እስቲ አስዪልኝ» አለኝ። አሰላሁለት። ቤንዚኑን፣ ጎማውን፣ ዘይቱን፣ የሆቴሉን ገቢ በተራ አስቀመጥኩ። ውጤቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ዛሬውኑ ሽጣት።

«ሒሳብሽ ልክ ነው» አለኝ። «አባዬን የት ላድርገው?»

ያሰላሁበትን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ እንግዳ ተቀባይዋ አርፍዳ መጣች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ እግሯ አብጦ አቧራ ለብሷል። አባቴ መኪናው ውስጥ ሆኖ አያትና መስታወቱን አወረደ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በእግሬ መጥቼ ነው፣ አባባ።»

«ከማንጋቴን? ያ ሞተር የምትሳፈሪውስ?»

ደክሟት ነበር፤ ማንን እንደምታናግር ዘነጋች። «ቤንዚን ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ነክቶ የለ! የደሞዜን ግማሽ ለቦዳ ልስጥ እንዴ?»

እኔ ከዛፉ ሥር የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ቀና ስል አባቴ ትኩር ብሎ ያያታል። እሷም ያለችው ነገር ገብቷት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ከመሬት የሚወጣ አይደለም እንዴ?» አለ በቀስታ።

አባቴ በሕይወቱ መኪና ነድቶ አያውቅም። ተንጠራርቶ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ያዘና፣ ወዴት እንደሚዞር ትንሽ ካሰበ በኋላ፣ አዞረው። ሞተሯ ጠፋ። ለካስ ግቢው እንዲህ ጸጥ ይል ኖሯል።

ወጥቶ ከዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቀትር ላይ ትንፋሹ ያጥር ጀመር። ወንድሜ ከምግብ ቤቱ ሮጦ መጥቶ እግሩ ሥር ተንበረከከ።

«አባዬ፣ በእማዬ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ግባ።»

«ስንት ጠጣሁ?»

«ምኑን?»

«ቤንዚኑን ነዋ። ስንት ጠጣሁ?» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ መምህርቷ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

እስከ ሊትሩ አውቀው ነበር። «አልቆጠርኩም አባዬ» አልኩት። ረጅም አየኝ፤ መዋሸቴ ገብቶታል፣ ግን አልተቆጣም። ያን ቀን በእርጥብ ፎጣ አሳለፈው።

በማግስቱ ቀትር ላይ እንግዳ ተቀባይዋ መጥታ ከአግዳሚው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ፤ መኪናው ውስጥ ግቢና እረፊ» አላት። «አንቺ ሁለት ነሽ፤ ላንቺ ይገባል።»

«እርስዎ ካልገቡ አልገባም።»

«እኔ ይበቃኛል ብያለሁ።»

«ተሳፋሪ የሌለው ሹፌር ምን ይሠራል? እዚሁ አብረን እንቀቀል።»

«አንቺ ልጅ፣ ግትር ነሽ።»

«ከማን ጋር ውዬ!»

ትንፋሹ እየተቆራረጠ ተከራከራት። መጨረሻ ላይ ካስተም ገበያ ውስጥ ዋጋ እንደሚቆርጥ ነጋዴ መዳፉን ዘረጋ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አይገባም። ቀትር ላይ ብቻ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን፣ ሁለቱ አብረው ይገባሉ። ከጠዋቱ በተረፈው ቤንዚን ደግሞ ማታ ማታ እሷ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ወንድሜ አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ «እሺ» አለ።

የምሸኛት እኔ ነበርኩ። መኪናዋ ማንጋቴን ውስጥ መግባት አትችልም፤ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት እወስዳትና እዚያ የቆሙት የቦዳ ልጆች ይቀበሉኛል። «ቲቸር! ሆዷ መሬት ይነካል፣ አውርጂያት፣ እኛ እናድርሳት!» ይሉ ነበር፤ ስለ የትኛዋ ሆድ እንደሚያወሩ እንግዳ ተቀባይዋ ስትጠይቃቸው ያፍራሉ። አንዱ ቀሪውን መንገድ በትንሽ ዋጋ ያደርሳታል። የቤንዚን እጥረቱ መንገዱን ባዶ አድርጎት ስለነበር መኪናዋ ሳትቆም፣ በእኩል ፍጥነት ትሄዳለች። ልኬቴን ቀጠልኩ። አባቴ ማታ ስመለስ ይጠብቀኛል።

«ዛሬ በሊትር ስንት ሄደች?»

እነግረዋለሁ።

«ተሻላት» ይላል፤ ስለ በሽተኛ እንደሚያወራ ሰው።

በእርግጥም ቁጥሩ በየሳምንቱ ተሻሻለ። መኪናዋን ከገዛናት ጀምሮ እንዲህ ያለ ውጤት አላየሁም ነበር። ለአባቴ ስነግረው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ቁጥሩ የተሻለው በምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቆማ የምትበላው ስላነሰ ነው፤ ያንንም አባቴ የቀነሰው ከራሱ ትንፋሽ ነው።

ዝናቡ አንድ ቀን ቀትር ላይ መጣ። መጀመሪያ የአቧራ ነፋስ፣ ከዚያ ትልልቅ ጠብታዎች በቆርቆሮው ላይ። አባቴና እንግዳ ተቀባይዋ መኪናው ውስጥ ነበሩ። ወንድሜ እየረጠበ ሮጦ ሄደና ሞተሩን አጠፋ፤ መስኮቶቹን ሁለቱንም አወረደ። አባቴ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ ዝናቡን ተቀበለ። ወንድሜ በሩን ተደግፎ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት፤ ዝናብ ነው ብለን አለፍነው።

ለዝናቡ አደረስነው። ክረምቱን ደህና ተነፈሰ፤ ማታ በጋቢ ይተኛ ነበር። የእንግዳ ተቀባይዋ ሴት ልጅ ተወለደች፤ አርባ ቀን ሲሞላት መጥታ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። አባቴም «ትንሿ ሹፌር» አላት። ግቢው ጭቃ ስለሆነ መኪናዋ ከዛፉ ሥር አልተንቀሳቀሰችም፤ ያን ጊዜ የለካሁት ነገር የለም። ዝናቡ ሊያቆም ሲል፣ አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት፣ አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ዐረፈ። አፉ አልተከፈተም ነበር። ከዚያ ወዲህ የትም ብሆን ሰው ሲሞት የማየው መጀመሪያ አፉን ነው።

ከእናታችን ጎን ልቀበር ብሎ ነበር። አስከሬን በአውሮፕላን ማሳፈር ብዙ ያስወጣል። የእድራችን ሽማግሌዎች ድርሻቸውን ይዘው መጡ፤ ቀሪውን ወንድሜ ማንንም ሳያማክር ወሰነ። ያ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ወጣት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተጠርቶ መጣ። እንደ ልቅሶ ደራሽ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ፣ ከዚያ አፍሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። በሊትር ስንት ትሄዳለች?»

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። ከዚህ ቀደም ማንም ሲጠይቀኝ በደስታ አስረዳ ነበር። በእኩል ፍጥነት ስትነዳ የምትሰጠውን ቁጥር ነገርኩት፤ እውነት ነበር። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ጥሩ ነው አለ። ከዚያ የሹፌሩ ወንበር ላይ ገብቶ አስነሣት። ዝናቡ ሊያቆም ስለሆነ ፀሐዩ መመለስ ጀምሯል። ትንሽ ቆይቶ ግንባሩን በእጁ ጠረገ።

«ኤሲዋ አትሠራም እንዴ ጋሼ? ምንም አይደርሰኝም።»

ወንድሜ በሌላው በር ጎንበስ ብሎ ገባ። የአየር ማቀዝቀዣው ቀዳዳዎች፣ የሹፌሩ ሳይቀር፣ ሁሉም ወደ አባቴ ወንበር ዞረው ነበር። አንድ በአንድ በጣቱ ወደ ልጁ መለሳቸው።

«ትሠራለች» አለው።